የመያዣው ቁመት

ሥራዬን ለጠየቀኝ፦ ብረት እገጥማለሁ፤
በሰው ግድግዳ ላይ መያዣ እተክላለሁ።
ፖርቶ ላይ፣ ከወንዙ ሽቅብ በሚወጣው፣
ደረጃው ጉልበት በሚያስለምን፣ ባረጀው ሰፈር ነው።
ዱሮ የመርከብ ብረት ነበር የምበይደው፤
ያኔ የማጠብቀው ባሕር እንዳይንደው፤
አሁን ግን ጭንቀቴ የሳሙና ውሃ ነው።

ማኅበር አለን እኛ፣ ከዳቦ ቤት ጀርባ፤
አንዲት ስልክ፣ ሦስት ወንበር፣ ጣሪያው ዝናብ ሲያስገባ
ባልዲ የምንደቅንበት።
ኢቮኔ በየጠዋቱ ትደውላለች፤
«ደህና አደሩ ወይ?» ብላ ሠላሳ ስም ትጠራለች።
ያላነሳ እንደሆነ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ
ነጥቃ በነጠላ ጫማ ትሮጣለች ወደ በሩ።
ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ያልተሰካ ጆሮ ማዳመጫ ነው።
ሁለቴ ግን አልነበረም። እሱን ልተወው።

ማክሰኞ ተላክሁኝ ዶና ፌሊስሚና ዘንድ፤
እርከኑ ሰባ ሦስት ነው፤ ቆጠርኩት አንድ ባንድ።
ሰማንያ ስምንት ናቸው። በመስከረም ወድቀው
ሌሊቱን ወለል ላይ ፎጣ ለብሰው አድረው
ነበር፣ ስልኩ እስኪጮህ።
ልጃቸው ከሉክሰምበርግ «መጦሪያ ቤት ይግቡ፤
ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው ምግቡ»
ብሎ ቢጽፍልን፣ «እንግዲያው እሱ ይብላ!
እኔስ እዚሁ ነኝ» አሉ፤ አላከሉም ሌላ።

መመሪያው ለሁሉም ዘጠና ሴንቲ ይላል፤
እኔ እንዳየሁት ግን፣ እጅ ከሜትር ይሻላል።
«ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎ ከዳዎት እንበል፤
መጀመሪያ እጅዎ ወዴት ነው እሚል?»

ጨፈኑ። ትንሽ ቆዩ። ቀኝ እጅ ተነሣ፤
በጨለማም ቢሆን መንገድ ሳይረሳ
ከበሩ መቃን ላይ ሄዶ ዐረፈ።
ጠጋ ብዬ አየሁት፤ በእርሳስ የተጻፈ
መስመር በመስመር ላይ፦ አዴሪቶ በአምስቱ፤
አዴሪቶ በስድስት፣ ኩፍኝ በያዘው በዓመቱ፤
አዴሪቶ በዐሥራ ሦስት።
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፣ እስከ መቃኑ ጫፍ፤
ጢም ሲጀምረው ይሆናል፣ መለካት ሲጸየፍ።

«እዚያ ላይ አትብሳ» አሉ። ብስ ቢሉኝስ ምን ብዬ?
አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ ግድግዳው ላይ አስተካክዬ
ብረቱን አሠርኩት፤ አምስትና ስድስቱ መሐል ላይ ዋለ፤
በሁለት እጅ ሳቡት፤ ንቅንቅ አልል አለ።

ዕቃዬን ስሰበስብ «እርሳስ ይዘሃል?» አሉ።
ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸው ከመቃኑ፣ ቀጥ አሉ።
«ለካኝ።»
ለካሁ። የእርሳሱ ጫፍ ያረፈው
ከዐሥራ ሦስቱ መስመር ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው።
ዝም አልኩኝ። ሜትር ሲዋሽ አይቼ አላውቅም፤
ያን ቀን ቢዋሽልኝ ደስ ባለኝ፣ አልደብቅም።
እሳቸው ግን ዞረው፣ መነጽር ፈልገው፣ አዩትና ሳቁ፦
«ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው! ሉክሰምበርግ እንዲያውቁ
ንገሩልኝ፤ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጦሪያ አይከፈትም።»
ቀኑን ራሳቸው ጻፉት፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ስወርድ የዳቦው ልጅ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ፣
ሁለት ዳቦ አንጠልጥሎ ሽቅብ ሲሮጥ
በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ። ይቅርታም አላለ።
አራተኛ ፎቅ ላይ በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ተከፈተ፤ ሳቅ አለ።

እኔም ስድሳ አራቴን በግንቦት ይዣለሁ።
ማታ ቤቴ ገባሁ፤ ብቻዬን እኖራለሁ።
መታጠቢያ ቤት ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩና
«እግርህ ከዳህ እንበል» አልኩኝ፤ እጄም ቀና
ብሎ ሄዶ ያረፈው ልስን ላይ ነው፣ ምንም በሌለበት።
ብረት አልገጠምኩም። ደክሞኛል፤ ገና ነው ደግሞ።
እርሳሴን ግን ከጆሮዬ አወረድኩ፤ ነጥብ አደረግሁበት።